ነገር ከሥሩ፡- አልነሳ ያለች ቮልስ እንዴት ትመረመራለች?

መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ጉብሬ ከእናቴ ግቢ ልወጣ ቁልፍ ባዞር ቮልሴ «ቀጭ» ብላ ዝም አለች፡፡ ደግሜ አዞርኩ፤ ያው «ቀጭ»፡፡ እናቴ በዚያን ዕለት ወልቂጤ የዓይን ሕክምና ቀጠሮ ነበራትና ነጠላዋን አጣፍታ፣ የቀጠሮ ካርዷን በእጇ ይዛ ከፊት ወንበር ከተቀመጠች ቆይታለች፡፡

በአምስት ደቂቃ ውስጥ ግቢው በሰው ሞላ፡፡ ለመስቀል ከአዲስ አበባ የመጣው የአጎቴ ልጅ «ባትሪ ነው» አለ፡፡ ጎረቤታችን «ካንዴላው ረጥቧል» አሉ፡፡ አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ነዳጁ ውኃ ገብቶበታል» ሲል፣ ሌላው ጠርሙስ አስመጥቶ ካርቡሬተሩ ላይ ቤንዚን ጠብ ሊያደርግ ተዘጋጀ፡፡ የቀሩት እጃቸውን ጠቅልለው ሊገፉ ከኋላ ቆሙ፡፡ እናቴ ሁሉንም ካዳመጠች በኋላ «ልጄ፣ እስክትስማሙ ባጃጅ ጥራልኝ» አለችኝ፡፡ ጠራሁላት፤ የአጎቴ ልጅ አብሯት ሄደ፡፡

ሕግ የተማረ ሰው በዚያ ጠዋት ሊያፍር ይገባው ነበር፡፡ አምስት ፍርድ ሲሰጥ አንድም ማስረጃ አልቀረበም፡፡ እኔ ራሴ ከሁለት ወር በፊት አዲስ አበባ ላይ ይኼው «ቀጭ» ሲያስቸግረኝ፣ ማንም ሳይመረምር በባትሪው ላይ ፈርጄ አዲስ ገዝቻለሁ፡፡ አዲሱ ባትሪ ደግሞ ይኸው ያንኑ «ቀጭ» ይላል፡፡

ከወልቂጤ የተጠሩት አንድ አዛውንት መካኒክ ሲደርሱ መፍቻ አላወጡም፡፡ በመጀመሪያ የጠየቁኝ «ምን አለች?» ብለው ነው፡፡ የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገርም እዚያች ጥያቄ ውስጥ አለ፡፡

ለምን ማወቅ ያስፈልጋል?

በአገራችን አሮጌ መኪና መያዝ እንደ ሌላው ዓለም የባለ ሀብት ማጌጫ ብቻ አይደለም፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን እንደ ዕድሜያቸው ከባድ ታክስ ጣለባቸው፡፡ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ፡፡ እነዚህ ውሳኔዎች በእጅ ያለችውን መኪና አክብሮ መያዝን ቤተሰባዊ የኢኮኖሚ ጉዳይ አድርገውታል፡፡

ቮልስ ደግሞ በታሪካችንም ውስጥ ስፍራ አላት፡፡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር፡፡ ያቺ ባለ እንቁራሪት ቅርጽ መኪና በዓለም ላይ ከ21.5 ሚሊዮን በላይ ተመርታ፣ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003) ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ አንዲትም አልተሠራችም፡፡ በየሰፈራችን የምናያቸው ሁሉ በጥገና የቆዩ ናቸው፡፡

ችግሩ ጥገናውን የሚያውቁት ሰዎች እያረጁ መሆኑ ነው፡፡ ዘመናዊ መኪና ስትበላሽ ኮምፒዩተር ተሰክቶባት ሕመሟን በቁጥር ትናገራለች፡፡ ቮልስ፣ ላዳ፣ ፊያት 600፣ ፔዦ 404 ግን ኮምፒዩተር የላቸውም፡፡ የሚናገሩት በድምፅ፣ በሽታና በብርሃን ነው፡፡ መልካሙ ነገር ቋንቋቸው ጥቂት ቃላት ብቻ ያሉት በመሆኑ ማንም የተማረ ሰው በአንድ ጠዋት ሊለምደው መቻሉ ነው፡፡

አራቱ ነገሮች

የቤንዚን ሞተር እንዲነሳ አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው፡፡ አንደኛ፣ ሞተሪኖው ሞተሩን በበቂ ፍጥነት ማዞር አለበት፡፡ ሁለተኛ፣ ካንዴላዎቹ እሳት መስጠት አለባቸው፡፡ ሦስተኛ፣ ነዳጅና አየር በተመጣጠነ መጠን ተደባልቀው መግባት አለባቸው፡፡ አራተኛ፣ ይህ ድብልቅ ሲሊንደሩ ውስጥ በደንብ ታምቆ እሳቱ በትክክለኛው ቅጽበት ሊደርስለት ይገባል፡፡

ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል መኪናዋ አትነሳም፡፡ የመርማሪው ሥራ የጎደለው የትኛው እንደሆነ መለየት ነው እንጂ፣ ዕቃ እየቀያየሩ ዕድልን መሞከር አይደለም፡፡ ሁለት ዕቃ በአንድ ጊዜ ከለወጡ በኋላ መኪናዋ ብትነሳ እንኳ ጥፋተኛው የትኛው እንደነበር ፈጽሞ አይታወቅም፤ ንጹሑም አብሮ ተጥሏል፡፡

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፡፡ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ይዞራል ወይስ አይዞርም? የማይዞር ከሆነ ስለ ካንዴላም ሆነ ስለ ቤንዚን ማውራት ጊዜ ማባከን ነው፡፡ በደንብ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ደግሞ ባትሪውን መውቀስ ትርፉ ወጪ ነው፡፡

ከመንካት በፊት

ማርሿን ዜሮ ላይ አድርጉ፤ የእጅ ፍሬኗን ሳቡ፤ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አኑሩ፡፡ ሲጋራ የያዘ ሰው ከአካባቢው ይራቅ፡፡ ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ምንጩ ሳይታወቅ ቁልፍ አይዞርም፡፡ ነጠላም ሆነ ፎጣ አንገቱ ላይ ያለ ሰው ቺንጋው ሊዞር በሚችል ሞተር ላይ አያጎንብስ፡፡

የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ ነው፡፡ መሸፈኛው ከጠፋ የወንበሩ ሽቦ ሰው ሲቀመጥበት ከባትሪው ራስ ጋር ተገናኝቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፡፡ መሸፈኛ የሌለው ባትሪ ያላችሁ ዛሬውኑ አንድ ወፍራም ጎማ ቆርጣችሁ አልብሱት፡፡

ሞተሩ የማይዞር ከሆነ

እዚህ ላይ ሦስት ዓይነት ድምፅ አለ፡፡ ፍጹም ዝምታ፣ አንድ «ቀጭ»፣ ወይም እያቃሰተ የሚዞር ሞተር፡፡ ሦስቱን የሚለየው ርካሹ መሣሪያ የፊት መብራት ነው፡፡ መብራቱን አብሩና አንድ ሰው ከፊት ቆሞ እያየ ቁልፉን አዙሩ፡፡

መብራቱ ከመጀመሪያውም ፈዞ የነበረ ወይም ቁልፉ ሲዞር ጨርሶ የሚጠፋ ከሆነ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም የባትሪው ማሰሪያዎች ላልተዋል፤ አለዚያም ዝገዋል፡፡ በማሰሪያዎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ በመጀመሪያ የኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ የፖዘቲቩን ገመድ ፍቱ፡፡ ቤኪንግ ሶዳ በሞቀ ውኃ በጥብጣችሁ አጥቡ፤ በሽቦ ብሩሽ ወልውሉ፤ አድርቃችሁ አጥብቃችሁ እሰሩ፡፡ ስትመልሱ ኔጌቲቩ የመጨረሻው ይሁን፡፡ ብዙ «የሞተ» ባትሪ በዚህ ብቻ ይነሳል፡፡

የቮልት መለኪያ ካለ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል፡፡ ያረፈና የሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ገደማ ያሳያል፡፡ 12.2 ከሆነ ወደ ግማሽ ወርዷል፡፡ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወደቀ ባትሪው ሸክሙን አልቻለም ማለት ነው፡፡ መኪናዋ ከተነሳች በኋላ ከ13.5 እስከ 14.5 ካላሳየ ደግሞ ዲናሞው አይሞላም፡፡ ያኔ አዲስ ባትሪ ብትገዙም ከጥቂት ቀናት በኋላ ያው ናችሁ፡፡ በጣም የቆዩ ቮልሶች ባለ 6 ቮልት መሆናቸውንም አትርሱ፤ እነሱን ከባለ 12 ቮልት መኪና ጋር በኬብል ማገናኘት አይገባም፡፡

በኬብል ከሌላ መኪና ስታስነሱ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፡፡ ቀዩን ገመድ በደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በጤነኛው ፖዘቲቭ ላይ፤ ጥቁሩን በጤነኛው ኔጌቲቭ ላይ፤ የመጨረሻውን ጫፍ ግን በደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ከባትሪው ራቅ ባለ የሞተሩ ባዶ ብረት ላይ፡፡ ምክንያቱም ባትሪ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ የመጨረሻው ግንኙነት ደግሞ ብልጭታ አያጣም፡፡

አሁን ወደ ጉብሬ እንመለስ፡፡ አዛውንቱ መብራት አስበሩኝ፡፡ ቁልፉን ሳዞር «ቀጭ» አለች፤ መብራቱ ግን ቅንጣት አልፈዘዘም፡፡ «ባትሪህ ጤነኛ ነው» አሉኝ፡፡ አመክንዮው እንዲህ ነው፡፡ ሞተሪኖ ከመኪና ዕቃዎች ሁሉ ይበልጥ ኮረንቲ የሚጠጣ ነው፡፡ በትክክል እየጠጣ ቢሆን ኖሮ መብራቱ መፍዘዝ ነበረበት፡፡ ካልፈዘዘ ኮረንቲው ሞተሪኖው ዘንድ አልደረሰም፤ ወይም ደርሶ መመለሻ አጥቷል፡፡

ኮረንቲ እንደ ውኃ ሄዶ የሚቀር አይደለም፤ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት፡፡ መብራቶቹ የሚመለሱት በመኪናዋ አካል በኩል ነው፡፡ ሞተሪኖው ግን ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የታሰረ ሲሆን፣ ሞተሩና ማርሽ ሳጥኑ የተቀመጡት በጎማ መደገፊያዎች ላይ ነው፡፡ ጎማ ኮረንቲ አያሳልፍም፡፡ ስለዚህ ፋብሪካው ማርሽ ሳጥኑን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኝ አንድ የተጠለፈ የብረት ሪባን ከታች አስሯል፡፡ ያ ሪባን ከዛገ ወይም ከተበጠሰ መብራቱ ደምቆ ሞተሪኖው ዝም ይላል፡፡

አዛውንቱ አጎንብሰው የቤንዚን መስጫውን ሽቦ ከካርቡሬተሩ አጠገብ ዳሰሱና እኔንም አስዳሰሱኝ፡፡ ሞቋል፡፡ ሞተሩ አልተነሳም፤ ታዲያ ምን አሞቀው? መንገድ ያጣው ኮረንቲ በዚያች ቀጭን ሽቦ ልመለስ ብሎ ነው፡፡ ከዚያም አንድ የኬብል ገመድ ወስደው አንዱን ጫፍ በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ፣ ሌላውን በኋላ መከላከያው ብሎን ላይ ነከሱና «አዙር» አሉኝ፡፡ ቮልሷ በአንድ ጊዜ ተነሳች፡፡

ሪባኑ ከታች ሲታይ በጭቃ ተሸፍኖ፣ ማሰሪያ ብሎኑ አካባቢ በዝገት ተበልቶ ነበር፡፡ ተፈትቶ፣ ቦታው በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ተፈግፍጎ፣ በሌላ የባትሪ ገመድ ተተካ፡፡

መብራቱ ሳይፈዝ ዝምታው ከቀጠለና ሪባኑም ጤነኛ ከሆነ ቀጣዩ ምርመራ ራሱ ሞተሪኖው ላይ ነው፡፡ 30 ቁጥር በተጻፈበት ጫፍ ሁልጊዜ፣ 50 ቁጥር ባለበት ደግሞ ቁልፉ ሲዞር ብቻ ኮረንቲ መገኘት አለበት፡፡ በ50 ላይ ከሌለ ጥፋቱ ከቁልፉ እስከዚያ ባለው ሽቦ ነው፡፡ ሁለቱም ጋ ካለ ግን ሞተሪኖው ይፈታ፡፡

ሞተሩ ዞሮ የማይነሳ ከሆነ፡- መጀመሪያ እሳት

ሞተሩ በጥሩ ፍጥነት እየዞረ ካልነሳ ጥያቄው «እሳት ወይስ ነዳጅ?» ይሆናል፡፡ በእሳት ጀምሩ፤ ፈጣንና ንጹሕ ምርመራ ነውና፡፡

አንድ ካንዴላ ፈትታችሁ መልሳችሁ ገመዱ ላይ ሰኩት፡፡ የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ባዶ ብረት ጋር አስነክታችሁ በደረቅ ፒንሳ ወይም በደረቅ ጨርቅ ያዙና ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር፡፡ ካንዴላው የተፈታበት ቀዳዳ የቤንዚን ትነት ስለሚተፋ ብልጭታው ከእርሱ ራቅ ይበል፡፡ ሰማያዊና ደረቅ ድምፅ ያለው ብልጭታ ካያችሁ እሳት አለ፡፡ ቢጫና ልፍስፍስ ከሆነ ደካማ ነው፡፡ ምንም ከሌለ መስመሩን ከምንጩ ጀምራችሁ ተከተሉ፡፡

የመጀመሪያው ጣቢያ ቦቢናው ነው፡፡ ቁልፉ ተከፍቶ 15 ቁጥር ባለው ጫፍ ላይ የሙከራ አምፖል መብራት አለበት፡፡ ካልበራ ችግሩ ከቁልፉ ወይም ከሽቦው ነው፡፡ ከበራ አምፖሉን 1 ቁጥር ወዳለው ጫፍ አዛውሩና ሞተሩን አዙሩ፡፡ ብልጭ ድርግም ካለ ከዲስትሪቡተሩ ውስጥ ያለችው ፑንቲና ሥራዋን እየሠራች ነው፡፡ ዝም ብሎ ከበራ ወይም ጭራሽ ካልበራ ፑንቲናዋ ወይ አትዘጋም፣ ወይ አትከፈትም፡፡

ፑንቲና ማለት እየተከፈተችና እየተዘጋች የቦቢናውን ኮረንቲ የምትቆርጥ ትንሽ መሣሪያ ናት፡፡ ቦቢናው ከፍተኛውን ኮረንቲ የሚወልደው በተቆረጠበት ቅጽበት ነው፡፡ በሰፊው በተከፈተችበት ጊዜ ክፍተቷ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፡፡ መለኪያ ከሌለ ወፈር ያለ የስም ካርድ ለጊዜው ያገለግላል፡፡ ከንፈሮቿ ከጠቆሩ በስስ ብርጭቆ ወረቀት ይጸዳሉ፡፡ ቶሎ ቶሎ የምትቃጠል ከሆነ ደግሞ አጠገቧ ያለውን ኮንደንሰር ጠርጥሩ፡፡ መኪናዋ ሳትነሳ ቁልፉን ከፍቶ መተውም ክፉ ልማድ ነው፤ ፑንቲናዋ ተዘግታ ከቆመች ቦቢናው እስኪግል ኮረንቲ ይፈስበታል፡፡

ቦቢናው እሳት እየሰጠ ካንዴላው ካላገኘ የዲስትሪቡተሩን ክዳን ክፈቱ፡፡ ክረምቱ ገና በወጣበት በመስከረም፣ እንደ ጉብሬ ባለ እርጥብና ለምለም አገር ክዳኑ ውስጥ ጤዛ ይቋጥራል፡፡ እርጥበት ላይ እሳቱ አቋራጭ ያገኛል፡፡ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ብቻ ብዙ ጊዜ ይበቃል፡፡ ክዳኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ከታየ ግን ተሰንጥቋልና ይቀየር፡፡ ገመዶቹን ከነቀላችሁ የቮልስ የእሳት ቅደም ተከተል 1፣ 4፣ 3፣ 2 መሆኑን ያዙ፡፡ ሁለት ገመድ ያቀያየረ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲገፋ ይውላል፡፡

ቀጥሎ ነዳጅ

እሳቱ ጤነኛ ከሆነ ወደ ነዳጅ እንሂድ፡፡ የመጀመሪያው ምርመራ የሚያሳፍረው ነው፡- ነዳጅ አለ? የአሮጌ መኪና ጌጅ ከአሮጌ ምስክር እኩል ይሳሳታል፡፡ የጥንቶቹ ቮልሶችማ ጌጅ የሚባል አልነበራቸውም፤ ቤንዚን ሲያልቅ በእግር የምትዞር የመጠባበቂያ መክፈቻ ብቻ ነበረቻቸው፡፡ የቮልስ ታንከር ከፊት ኮፈን ሥር ስለሆነ ክዳኑን ከፍቶ መኪናዋን ወዝወዝ ማድረግና ማዳመጥ ነው፡፡

ቤንዚን ካለ ካርቡሬተሩ ጋ መድረሱን እንመርምር፡፡ ቁልፉ ተዘግቶ የአየር ማጣሪያው ይነሳ፡፡ አንድ ሰው የቤንዚን ፔዳሉን ቀስ ብሎ ሲረግጥ ወደ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ ተመልከቱ፡፡ ቀጭን የቤንዚን ጅረት ከተረጨ ሳህኑ ውስጥ ነዳጅ አለ፡፡ ካልተረጨ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ማጣሪያው ተደፍኖ ይሆናል፣ ላስቲኩ ተሰንጥቆ አየር ይስብ ይሆናል፣ ወይም ፖምፓው ደክሟል፡፡

ስለ ላስቲኮቹ አንድ ነገር ልጨምር፡፡ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ቤንዚን ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል ጋር መደባለቅ ተጀምሮ ነበር፤ በመጀመሪያ 5 በመቶ፣ ኋላም 10 በመቶ፡፡ ኢታኖል የጥንት ላስቲክን ያለሰልሳል፣ ይሰነጥቃል፤ ውኃም ይስባል፡፡ ለእንዲህ ዓይነቱ ነዳጅ ያልተሠራ ላስቲክ ያለው ሰው ሊለውጠው ይገባል፡፡ ብዙ ቮልሶች ያለቁት በአደጋ ሳይሆን ከፖምፓው ወደ ካርቡሬተሩ በሚሄደው ላስቲክ ፍሳሽ በተነሳ ቃጠሎ ነው፡፡ ማጣሪያውንም ከዲስትሪቡተሩ በላይ ማንጠልጠል አይመከርም፤ ቢያፈስ የሚንጠባጠበው እሳት ላይ ነው፡፡

ለወራት ቆማ የነበረች መኪና ከሆነች ቤንዚኑን አሽትቱት፡፡ የቆየ ቤንዚን ቶሎ የሚተነው ክፍሉ በንኖ ያልቅና እንደ ቫርኒሽ የሚሸት ይሆናል፤ ሞተር አያስነሳም፡፡ ውኃ መኖሩን ለማወቅ ጥቂቱን በጥራት በሚያሳይ ጠርሙስ ቀድቶ ማስቀመጥ ነው፡፡ ውኃው ከሥር ይዘቅጣል፡፡

የነዳጅ ማነስ ብቻ ሳይሆን መብዛትም ችግር ነው፡፡ ሌሊት በቀዘቀዘች ቮልስ ፔዳሉን አንድ ጊዜ እስከ ወለሉ ረግጦ መልቀቅ ይገባል፤ ያን ጊዜ አውቶማቲክ ቾኩ ይዘጋና የመጀመሪያውን ድብልቅ ያወፍራል፡፡ ደጋግሞ መርገጥ ግን ካንዴላዎቹን በቤንዚን ያጥባል፡፡ በተለይ በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ይህ ፈጥኖ ይደርሳል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ ወልቂጤና አካባቢዋም ወደ 1,900 ሜትር የሚጠጉ ናቸው፡፡ ቤንዚን ከሸተተ ትንሽ ጠብቁና ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ሳትለቁ ከአምስት እስከ አሥር ሰከንድ አዙሩ፡፡ ብዙ አየር ገብቶ ትርፉን ይጠርገዋል፡፡

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ ሙቀት ነው፡፡ ከወልቂጤ አልፎ በጅማ መንገድ ወደ ጊቤ ሸለቆ የወረደ ሰው እንደሚያውቀው፣ የጋለ ሞተር ቆሞ ሲያርፍ በመስመሩ ያለው ቤንዚን ተንኖ አረፋ ይሆናል፤ ፖምፓውም አረፋ መግፋት አይችልም፡፡ መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው፡፡ ኮፈኑን ከፍቶ ጥላ ሥር ማቆየት፣ ፖምፓው ላይም በውኃ የረጠበ ጨርቅ ማድረግ፡፡

እሳትም ነዳጅም ካለ

ሁለቱም ተገኝተው ካልተነሳች የቀረው አራተኛው ነው፡- ጊዜና እመቃ፡፡ የዲስትሪቡተሩ ማሰሪያ ላልቶ ዞሮ ከሆነ እሳቱ ያለ ጊዜው ይመጣል፤ ሞተሩም ይተኩሳል ወይም ወደ ኋላ ይመታል፡፡ የቫልቭ ክፍተት ከጠበበ ደግሞ ቫልቮቹ ጨርሰው ስለማይዘጉ እመቃው ያመልጣል፡፡ በአብዛኞቹ የኋለኞቹ ቮልሶች ይህ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፡፡ እዚህ ከደረሳችሁ መካኒክ ጥሩ፡፡ አሁን ግን የምትጠሩት ስለ ችግሩ ግማሽ መንገድ ያህል እያወቃችሁ ነው፤ የሚጠየቀው ዋጋም ያንን ያውቃል፡፡

ስለ መግፋትና ስለ ማፍሰስ

ገፍቶ ማስነሳት ይቻላል፡፡ ቁልፉ ይከፈት፣ ሁለተኛ ማርሽ ይግባ፣ ፍሪሲዮን ይረገጥ፣ መኪናዋ ፍጥነት ስታገኝ ይለቀቅ፡፡ ነገር ግን በጉብሬ አዛውንቱ ወጣቶቹን የከለከሉት በከንቱ አልነበረም፡፡ ግቢያችን ቁልቁል ሆኖ የሚያወጣው ተማሪና ባጃጅ ወደሚተላለፍበት መንገድ ነው፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ የነዳው እርሱ ያልፈቀደለት ሰው እንኳ ቢሆን ኃላፊ ያደርገዋል፡፡ «ልጆቹ ገፍተውብኝ ነው» ማለት መከላከያ አይሆንም፡፡

አዛውንቱ ያሉኝ ሌላም አለ፡፡ «ብትገፋ ትነሳ ነበር፤ ነገ ጠዋት ግን ያው ናት፡፡» ገፍቶ ማስነሳት ከስፍራው ያንቀሳቅሳል እንጂ ሕመሙን አይነካም፡፡ እኔም አዲስ አበባ ቁልቁለት ላይ እያቆምኩ ሳምንታት የሸነገልኩት ራሴን ነው፡፡

በካርቡሬተር ላይ ቤንዚን ማፍሰስ ግን ጨርሶ አይደረግ፡፡ ሞተሩ ወደ ኋላ አንድ ጊዜ ከመታ ነበልባሉ የሚወጣው በዚያው ጉሮሮ ነው፤ ከላይ ደግሞ ጠርሙስ የያዘው ልጅ ፊት አለ፡፡

ለማጠቃለል

ቅደም ተከተሉን በአራት መስመር ላስቀምጥ፡፡

1. ሞተሩ ይዞራል? ካልዞረ መብራት አብርታችሁ ባትሪን፣ ማሰሪያን፣ የማርሽ ሳጥኑን ሪባን፣ ሞተሪኖን በተራ መርምሩ፡፡
2. ከዞረ እሳት አለ? ከሌለ ቦቢና፣ ፑንቲና፣ ኮንደንሰር፣ ክዳን፡፡
3. እሳት ካለ ነዳጅ ይደርሳል? ከሌለ ታንከር፣ ማጣሪያ፣ ላስቲክ፣ ፖምፓ፣ ካርቡሬተር፤ ከበዛ ትዕግሥት፡፡
4. ሁለቱም ካሉ ጊዜና እመቃ፣ መካኒክም፡፡

ቅደም ተከተሉ ለላዳም ለፊያትም ይሠራል፤ የሚለያየው የዕቃዎቹ ቦታና የክፍተቶቹ ልክ ነው፡፡ በየደረጃው አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ውጤቱን እዩ፣ ከዚያ እለፉ፡፡

እናቴ ከቀጠሮዋ ስትመለስ ቮልሷ በራፍ ላይ ሞተሯ እየሠራ ቆማለች፡፡ «ምን ሆና ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፡፡ አንድ የዛገ የብረት ሪባን አሳየኋት፤ አገላብጣ አየችውና «ለዚህ ነው ያን ሁሉ ሰው የሰበሰብከው?» አለች፡፡ መልስ አልነበረኝም፡፡ በልቤ የማስበው ከሁለት ወር በፊት ያለ ምርመራ ያሰናበትኩትን ጤነኛ ባትሪ ነበር፡፡ በእርሱ ላይ የሰጠሁትን ፍርድ ይግባኝ የሚሰማልኝ የለም፡፡ አባቶች «ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» ያሉት ለሸንጎ ብቻ አልነበረም፡፡